ከአጨዳ እስከ ጋያ፤ ካናቢስን የማጠብና የማድረቅ ታሪክ

የዕፀዋትን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ተክሉ ከወዴት መጣ፥ ማንስ ተጠቀመበት የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀኖች፥ ማለት ቅጠሉ ከተቆረጠበት ሰዓት አንሥቶ ለእሳት እስኪደርስ ድረስ የሚሠራው ሥራ ግን እምብዛም አይመረመርም። በተለምዶ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለውን ካናቢስን በሚመለከት ግን የጥንቱን ማስረጃ በሚገባ ለማስተዋል የሚረዳው ይኸው የተዘነጋ ሥራ ነው።

የስምጥ ሸለቆ አየር ለእንዲህ ያለው ሥራ ምን እንደሚመስል ለመረዳት አዳሚ ቱሉን መመልከት ይበቃል። ከተማዪቱ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ፥ ነፋሱም አቧራ የሚያነሣ ነው። በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ የሚደርቀው እንዲህ ባለው ወራት ነው።

በጓሮ የበቀለ ካናቢስ ሲቆረጥ አቧራና ተባይ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገሮች አንዳንድ አብቃዮች ከማድረቃቸው በፊት በንጹሕ ውሃ ያለቀልቁታል። ውሃው የተክሉን ኀይል ያጥበዋል ብሎ የሚሠጋ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በአበባው ላይ እንደ ሙጫ ሆኖ የሚገኝና በውሃ የማይሟሟ ስለሆነ፥ ውሃው አቧራውን ይወስዳል እንጂ ሙጫውን አይወስድም። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥቡ ተክል ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነውና፥ ታጥቦ በቶሎ ካልተንጠፈጠፈ ይሻግታል። ስለሆነም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ተንጠልጥሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በፀሐይ ቢሰጣ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ዳሩ ግን ብርሃንና ሙቀት ኀይሉን ያደክሙታል። ለበርበሬ የሚበጀው ፀሐይ ለዚህ ተክል አይበጅም ማለት ነው።

ከዚህ ትንሽ የኬሚስትሪ እውነት ታላቅ የታሪክ ነገር ይከተላል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የላሊበላ ዋሻ የሚባል ስፍራ አለ፤ ይህም በላስታ ካሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ነው። ጆአን ዶምብሮውስኪ በዚያ ካደረጉት ቁፋሮ ሁለት የማጨሻ ሸክላዎች ተገኙ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት በሸክላዎቹ ውስጥ የካናቢስ ቅሪት መኖሩን አስታወቁ። የተሰጣቸውም ዘመን እ.ኤ.አ. 1320፥ 80 ዓመት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ነው፤ ማእከሉም በዐፄ ዓምደ ጽዮን መንግሥት ላይ ይውላል። ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ ቀረው ዓለም የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ስለሆነ፥ በዚህ ዘመን መሠረት ማጨስ በኢትዮጵያ ከትምባሆ ይቀድማል። ሙጫው በውሃ አለመሟሟቱ ቅሪቱ ከሸክላው ጋር እንዲቆይ ረድቶታል። እርጥብ ቅጠል በሚገባ ስለማይነድም፥ ሸክላው ባለበት የማድረቅ ሙያም ነበረ ማለት ነው። ያደረቀው ሰው ስም አልተጻፈም፤ ሸክላው ግን መሰከረለት።

ከአዳሚ ቱሉ ወደ ደቡብ፥ በሻሸመኔ፥ ነገሩ በሌላ መንገድ ይነገራል። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት ለጥቁር ሕዝብ ወዳጆቻቸው በዚያ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ፌዴሬሽኑንም ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ዮርክ መሥርተውት ነበር። በኋላ ከጃማይካ የመጡት ራስ ተፈሪያውያን ካናቢስን ለሃይማኖታቸው ሥርዐት የሚጠቀሙበት ስለሆኑ፥ ተክሉ ከእነርሱ ጋር ገባ የሚል አስተያየት ይሰማል። ይሁን እንጂ ጋንጃ የሚለው ቃል ራሱ የሕንድ ነው፤ ወደ ጃማይካም የደረሰው እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በተወሰዱት የሕንድ ሠራተኞች በኩል ነው። የዋሻው ሸክላም ተክሉ ለአገሪቱ አዲስ እንግዳ እንዳልሆነ ያመለክታል። በአንጻሩ ሁለት ሸክላ ለስድስት መቶ ዓመት ያልተቋረጠ ልማድ ምስክር ሊሆን አይችልም። እንግዳውን ለመክሰስም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በጥንታዊነት ስም ለመቃወም የሚጠቅሰው ሰው ከማስረጃው ልክ ያልፋል።

ክርክሩን ሊያቀና የሚችለው ሌላ ሸክላ ብቻ ነው። ይህም ከቁፋሮ የሚወጣ ጋያ ሁሉ እንደ ተራ ገል ታጥቦና ተፍቆ ከመደርደሩ በፊት ለምርመራ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ውሃ ብቻውን የማይወስደውን ሙጫ የአጣቢው ብሩሽ ይወስደዋልና።