ከሳፔሎ ደሴት የተረፈችው ሰደቃ



ባለፈው ረመዷን የእህቴ ልጅ ከአትላንታ ደወለልኝ። ጆርጂያ በምትባለው የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛት በከባድ መኪና ሾፌርነት የሚተዳደር የሦስት ልጆች አባት ነው። የቤት ኪራዩ ስለከበደው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አንዲት የገጠር መንደር ቤት ሊገዛ አስቧል። «አጎቴ፣ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ግቢም አለው። ሕዝቡም ሰላምተኛ ነው። ነገር ግን በአካባቢው አንድም ሙስሊም አላየሁም፤ መስጂድ የሚገኘው ሰዓት ተኩል ተነድቶ ነው። ምን ይመክሩኛል?» አለኝ።

እኔ አሜሪካን አላየሁም። ስለ ቤት ዋጋም ሆነ ስለ ባንክ ብድር የምመክረው አልነበረኝም። ስለዚህ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ቤተሰቡን ይዞ በዚያው በጆርጂያ ገጠር ስለገባ አንድ ሙስሊም ያነበብኩትን አወራሁለት። ልዩነቱን ከወዲሁ ልናገር፤ የእህቴ ልጅ የሚሄደው ወዶ ነው፤ ያ ሰው የሄደው ግን ተሽጦ ነው።

ሰውየው ቢላሊ ሙሐመድ ይባላል። ትውልዱ በዛሬዋ ጊኒ፣ በፉታ ጃሎን ደጋ በምትገኘው ቲምቦ ከተማ ነው። ፉታ ጃሎን በ18ኛው ክፍለ ዘመን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፉላኒ ሙስሊሞች መንግሥት ያቆሙባት፣ ዑለማእ የበዙባትና ልጅ ሁሉ ሉሕ ይዞ የሚቀራባት አገር ነበረች። ቢላሊ ገና በወጣትነቱ ተይዞ ለባሪያ ነጋዴዎች ተሸጠና ባሕር ተሻግሮ ወደ ባሃማ ደሴቶች ተወሰደ። እዚያም ፊቢ የምትባል ሚስት አገባ፤ ልጆችም ወለደ። በ1802 ገደማ ቶማስ ስፖልዲንግ የተባለ ባለ እርሻ ገዝቶ ሳፔሎ ወደምትባለው የጆርጂያ ደሴት አመጣው፤ ቤተሰቡም አብሮት መጣ። ሳፔሎ ርዝመቷ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከዋናው ምድር በረግረግና በውኃ ተለይታ በጀልባ ብቻ የምትደረስ፣ ያን ጊዜ ጥጥና ሸንኮራ የሚመረትባት ደሴት ናት።

ቤተሰቡ አብሮ መምጣቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በዚያ ዘመን እናት በአንድ ገበያ፣ ልጅ በሌላ ገበያ ይሸጡ ነበር። የሴት ልጆቹ ስም እስከ ዛሬ ተጠብቋል፦ ማርጋሬት፣ ሄስተር፣ ሻርሎት፣ ያሩባ፣ ቢንቱ፣ ፋጢማ፣ መዲና። እስቲ እነዚህን ስሞች አስተውሉ! ገሚሱ ከገዢው አገር፣ ገሚሱ ከአባትየው ቤት የተገኘ ነው። አንዷን መዲና ብሎ የሰየመ ሰው በየቀኑ ልጁን በጠራ ቁጥር አፉ ምን ይል እንደነበር እናውቃለን።

ቢላሊ በእርሻው ላይ በመቶዎች ለሚቆጠሩት ባሮች አለቃ ሆኖ ተሾመ። አለቃነት ማለት ወገኑን ለጌታው ጥቅም ማሠራት ነውና ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ጌታው ግን እጅግ ያምነው ነበር። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደሴቲቱን እንዲጠብቅ 80 ያህል ጠመንጃ እንደተሰጠው ይነገራል፤ ባሪያ መሣሪያ መያዙ በማይታሰብበት አገር ማለት ነው። በ1824 ታላቅ የባሕር ማዕበል ሳፔሎን በመታ ጊዜም የብዙ ሰዎችን ነፍስ ያተረፈ እርሱ እንደሆነ ይተረካል።

ስለ ኢባዳው የሚያወሩልን ደግሞ የልጅ ልጅ ልጆቹ ናቸው። በ1930ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች በጆርጂያ ጠረፍ እየዞሩ ከአረጋውያን የሰበሰቡት ወሬ በ1940 በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያ ላይ ቅድመ አያቶቻቸው ቢላሊና ፊቢ ለሶላት ሰዓት እጅግ ጥንቁቅ እንደነበሩ ተናግረዋል። ፀሐይ ስትወጣ፣ አናት ላይ ስትደርስና ስትጠልቅ በመስገጃ ላይ ተንበርክከው ይሰግዱ፣ ረጅም ሙስበሃም ይቆጥሩ ነበር። አረጋውያኑ ግን ቅድመ አያቶቻቸው ለፀሐይ የሚሰግዱ መስሏቸው ነበር! ሶላትን በዓይናቸው አይተዋል፤ ለማን እንደሚሰገድ ግን የነገራቸው አልነበረም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ።

ቢላሊ አንድ ጽሑፍ ትቶ አልፏል። በዐረብኛ በእጁ የጻፋቸው 13 ገጾች ናቸው። ከመሞቱ በፊት ፍራንሲስ ጉልዲንግ ለተባለ ጸሐፊ ሰጠው። አገሬው ማንበብ ስላልቻለ ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻው ነው ሲባል ኖረ። በኋላ ጆሴፍ ግሪንበርግ የተባለ የቋንቋ ምሁር ናይጄሪያ ውስጥ ለካኖ ዑለማእ አሳይቶ ምንነቱን ደረሰበትና በ1940 አሳተመው። ማስታወሻ ሳይሆን በ996 የሞቱት የቀይረዋኑ ኢብኑ አቢ ዘይድ ከጻፉት «ሪሳላ» ከተባለው የማሊኪያ ፊቅህ ኪታብ ላይ የተቀነጨበ ነው። ስለ ውዱእና ስለ አዛን የሚናገሩ ክፍሎች አሉበት። ፊደሉ ብዙ ስህተት አለው፤ ዐረፍተ ነገሩም በየቦታው ይቆራረጣል።

ሊቃውንቱ ይህን ስህተት ቆጥረው ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን እንደ አንድ የመድረሳ አስተማሪ ሌላ ነገር ታየኝ። በወሎ ደረሳ ሆኜ ሰፊና ስቀራ መጀመሪያ የያዝነው የጠሃራን ባብ ነው፤ የየትኛውም መዝሀብ ደረሳ ኪታብ ሲጀምር በጠሃራና በሶላት ይጀምራል። ኪታቡን ሳይጨርስ ያቋረጠ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ብትጠይቁት የሚያስታውሰው እነዚያን የመጀመሪያ ገጾች ነው። ቢላሊ የጻፈውም ከደርሱ ላይ በግፍ የተነጠቀ ደረሳ የቀረችውን ነው። አጠገቡ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚለው ሸኽም ጓደኛም አልነበረውም።

ለማን ጻፈው? እኔ እንደሚመስለኝ ለልጆቹ ነው። አንድ ዐዋቂ የውዱእን አደራረግ ለራሱ አይጽፍም፤ በየቀኑ የሚያደርገውን አይረሳውምና። ነገር ግን በጆርጂያ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ በ1829 የወጣው ሕግ አስተማሪውን በቅጣት ያስፈራራ ነበር። ሴቶቹም ቀን በጥጥ እርሻ ላይ ነበሩ። ጽሑፉ ወደ ልጆቹ እጅ ሳይሆን ወደ ጉልዲንግ እጅ ገባ፤ ዛሬም በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

በሌላዋ የጆርጂያ ደሴት በሴንት ሳይመንስ ከማሲና የመጣ ሳሊህ ቢላሊ የሚባል ሙስሊምም ነበር። ረመዷንን እንደሚጾምና መጠጥ እንደማይቀምስ ጌታው ራሱ ጽፎለታል። ሁለቱ ሰዎች በሁለት ደሴት ላይ የየብቻቸውን ጾሙ፤ መሐላቸው ባሕር ነበር።

ባርነት ካበቃ በኋላ በ1866 በሳፔሎ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ፤ የቢላሊ ዘሮችም በዚያ አደጉ። የቀረው እንዲህ ያለ ነው። ሙታናቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቀብራሉ። በ2017 ያረፈችውና የደሴቲቱን ታሪክ የጻፈችው የቢላሊ ዘር ኮርኔሊያ ቤይሊ በልጅነቷ ወደ ምሥራቅ ዞራ እንድትጸልይ እንደተማረች ተናግራለች። ከጆርጂያ ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነውና ብዙም አልሳቱ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሩዙ ነገር ነው። የቢላሊ ልጅ ማርጋሬት ሩዝ አጥባ ሌሊቱን ዘፍዝፋ ታሳድራለች፤ ጠዋት በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ ማር ወይም ስኳር ጨምራ ጠፍጣፋ ቂጣ ትሠራና ለልጆች ታድላለች። ስሟ «ሰረካ» ነው። ሌላዋ ልጁ ሄስተርም ይህንኑ ስታድል «አሚን፣ አሚን» ትል እንደነበር ይነገራል። ወገኖቼ! ይህ የእኛ ሰደቃ አይደለምን? ለወሎ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ቂጣና ንፍሮ ይዘው ከደጅ ሲወጡ ከየአቅጣጫው ሮጠን እጃችንን የምንዘረጋበት ያው ቃል ነው። አያቶች በሳፔሎ ማርና ሩዝ ሲያድሉ የተቀበሉት ልጆች ግን ቃሉን የምግቡ ስም ነው ብለው ያዙት። አባትየው የጻፈው 13 ገጽ ሳይነበብ ሲቀር እናቲቱ በእጇ የሠራችው ደረሰ፤ የደረሰውም ያለ ትርጉሙ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ቀጥሎ «ታዲያ አልሂድ ነው የሚሉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያ አላልኩትም። ሕግ ከልጆቹ ጋር እንዳይቀራ አልከለከለውም፤ ጌታም የለበትም፤ የእርሱ ባሕር የሰዓት ተኩል አስፋልት ነው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ቤቱን ከመፈረምህ በፊት በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሁለት ሙስሊም ቤተሰብ ፈልግ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን አንድ ላይ የሚያስቀራ ሰው ይኑራችሁ። ሚስትህ ሰደቃ ስታወጣም ለማን ብላ እንደምታወጣው ለልጆቹ ትንገራቸው።

ከዒድ በኋላ መልሶ ደወለ። በአጎራባቿ ከተማ አንድ የሶማሊያ ቤተሰብ አግኝቷል፤ አባትየው ቁርኣን ያስቀራል። ሁለተኛውን እየፈለጉ ነው። ውሉን ገና አልፈረመም።