ከዴንቨር እስከ ገርንዚ፦ የአሜሪካ አቅኚዎችን ፈለግ ከልጆች ጋር ለመከተል ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አብዛኛው ቤተሰብ መኪናውን የሚያዞረው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሮኪ ተራሮች ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ነብራስካና ዋዮሚንግ ሜዳዎች የሚወስደው መንገድ ብዙም አይወራለትም። ነገር ግን በአምስት ቀናት ውስጥ የአሜሪካን ምዕራብ ታሪክ ከልጆች ጋር በእግር እየረገጡ ለማየት ከዚህ የተሻለ አቅጣጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የፕላት ወንዝን ተከትለው ወደ ኦሪገን፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ ተጉዘዋል። የኦሪገን መንገድ ብቻውን ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሠረገላው የሚሳበው በአብዛኛው በበሬ ነበር፤ በውስጡ የሚጫነውም ስንቅና ዕቃ ስለነበር፣ ልጆችን ጨምሮ አብዛኛው ሰው የሄደው በእግሩ ነው። ጥሩ በተባለ ቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። በፊልም እንደምናየው ተጓዦቹን በብዛት የገደለው ቀስት ሳይሆን በተበከለ ውሃ የሚዛመተው ኮሌራ ነው።

በአማርኛ እነዚህን ሰዎች "አቅኚዎች" ማለት የተለመደ ነው። "ማቅናት" ጠማማን ማስተካከል ነውና፣ ቃሉ ቀድሞ የነበረው ጎባጣ እንደነበር አስቀድሞ ይፈርዳል። በኢትዮጵያም "አገር ማቅናት" የሚለው ሐረግ ዛሬም የሚያከራክረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሠረገሎቹ ያለፉበት ምድር የላኮታ፣ የሻየን፣ የአራፓሆና የሌሎች ሕዝቦች ነበር። ጉዞው ሁለቱንም ወገን እንዲያሳይ ከተፈለገ ማረፊያዎቹን መምረጥ ያስፈልጋል፤ የመንገድ ዳር ምልክቶችን ብቻ የተከተለ ቤተሰብ ግማሹን ታሪክ ሰምቶ ሊመለስ ይችላል።

ዲርፊልድ፦ የጥቁር ገበሬዎች መንደር

ከዴንቨር ወደ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በአውራ ጎዳና ቁጥር 34 ዳር፣ ጥቂት ያዘመሙ የእንጨት ቤቶች ይታያሉ። ዲርፊልድን በ1910 የመሠረተው ኦሊቨር ቱሳንት ጃክሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የ1862ቱ የመሬት ሕግ፣ ሰፍሮ ለሚያርስ ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። ቀዳሚዎቹ ሰፋሪዎች ከክረምቱ ብርድ ጋር የተጋፈጡት በድንኳንና በአፈር ውስጥ በተቆፈሩ መጠለያዎች ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ መንደሩ ትምህርት ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሱቆች ነበሩት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ድርቁና የአቧራው ማዕበል የቀሩትን ነዋሪዎች በተኑ። ቤቶቹ ሊናዱ ስለሚችሉ ከመንገዱ ዳር ሆኖ መመልከት ይበቃል።

የአለት ምልክቶቹ

ከዴንቨር በቀጥታ ለሚሄድ ሰው የስኮትስብላፍ ከተማ ከሦስት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ገደል ከወንዙ በላይ 240 ሜትር ያህል ይነሳል፤ ወደ አናቱም ሦስት ዋሻዎችን የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ ይወጣል። የአለት ናዳ መንገዱን የሚያዘጋበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። የሚችሉ ልጆች 2.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የእግር መንገድ ይውረዱ። በግማሽ ሰዓት ርቀት ያለው ቺምኒ ሮክ፣ ተጓዦች በማስታወሻቸው ከየትኛውም ምልክት በላይ የጠቀሱት የጭስ ማውጫ የሚመስል አለት ነው። በአካባቢው ጅራቱን የሚያንኳኳ መርዛማ እባብ ስላለ ከመንገድ መውጣት አይመከርም።

ፎርት ሮቢንሰን፦ ሁለት ሌሊት የሚገባው

ጊዜ የሚያጥረው ቤተሰብ ሌላውን ይዝለል እንጂ ይህን ባይዘል መልካም ነው። ከስኮትስብላፍ ወደ ሰሜን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስበት ይህ የነብራስካ ግዛት ፓርክ የቀድሞ ጦር ሠፈር ነው። የመኮንኖቹ ቤቶች ለእንግዳ ይከራያሉ፤ ልጆች በፈረስ ይጋልባሉ፤ ጎሽም ያያሉ።

በዚሁ ግቢ በመስከረም 1877 የላኮታው መሪ ክሬዚ ሆርስ እጁን ከሰጠ በኋላ በወታደር ሳንጃ ተወግቶ ሞቷል። በጥር 1879 ደግሞ በዱል ናይፍ የሚመሩ፣ ሴቶችና ሕፃናት የሚበዙባቸው የሰሜን ሻየን ሰዎች እዚህ ታስረው ነበር። ወደ ደቡብ እንዲመለሱ ታዘው እምቢ ስላሉ ምግብና ማገዶ ተከለከሉ። በብርዱ ሌሊት በመስኮት ዘለው ወጡ፤ ከ60 በላይ ተገደሉ። የእስር ቤቱና የጦር ካምፑ ሕንጻዎች ተመልሰው ተሠርተው ይታያሉ።

ከ1885 ጀምሮ በዚያው ሠፈር የኖሩት ደግሞ "ባፋሎ ሶልጀርስ" የሚባሉት ጥቁር ፈረሰኞች ናቸው። ከባርነት የወጣ ሕዝብ ልጆች፣ ሌላውን ሕዝብ ከመሬቱ ያፈናቀለውን መንግሥት ደንብ ለብሰው መገኘታቸው ለአዋቂም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አሥር ዓመት ለሞላው ልጅ ግን ሊነገረው ይችላል።

ፎርት ላራሚና ገርንዚ

በመመለሻው ላይ ያለው ፎርት ላራሚ የ1868ቱ ውል የተፈረመበት ነው። ውሉ የብላክ ሂልስን ተራሮች ለላኮታ ያረጋገጠ ቢሆንም፣ ወርቅ ከተገኘ በኋላ በ1877 ተወሰዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 ካሳ እንዲከፈል ወሰነ፤ ላኮታዎች መሬቱን እንጂ ገንዘቡን አንፈልግም ብለው እስካሁን አልተቀበሉም።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ በገርንዚ ከተማ አጠገብ፣ የሠረገላ መንኮራኩር አለቱን እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ፈልፍሎ ያለፈበት ቦይ አለ። ልጅ በውስጡ ሲቆም የቦዩ ጠርዝ ከራሱ በላይ ሊሆን ይችላል። የገርንዚ ግዛት ፓርክ ለድንኳን ምቹ ነው፤ ነገር ግን በጁላይ ወር ደለሉ እንዲጠረግ የሐይቁ ውሃ ስለሚለቀቅ፣ ለዋና የሚሄድ ሰው ቀኑን ያጣራ።

ከመነሳት በፊት

የነብራስካና የዋዮሚንግ ፓርኮች የመኪና መግቢያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የሌላ ግዛት ሰሌዳ የያዘ መኪና የበለጠ ይከፍላል። ስኮትስብላፍና ፎርት ላራሚ በፌደራል መንግሥት የሚተዳደሩ ሲሆኑ መግቢያቸው በነጻ ነው። የፎርት ሮቢንሰን ማረፊያ ቀድሞ ስለሚያዝ ወራት አስቀድሞ መመዝገብ ያሻል። በጁንና በጁላይ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነጎድጓድ የተለመደ ነውና የእግር ጉዞው ለጠዋት ይሁን።

በትንንሾቹ ከተሞች የጾም ወይም ሐላል ምግብ ማግኘት ይከብዳል፤ በፍልሰታ ጾም የሚጓዝ ሰው እንጀራና ሽሮውን ይዞ ቢነሳ ይሻለዋል። ደረቅ በሆኑ ሳምንታት እሳት ማንደድ ስለሚከለከል፣ ቡና በከሰል ለማፍላት ያሰበ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይያዝ፤ እሱም ቢሆን በእገዳው መፈቀዱን ይጠይቅ። በሜዳው መሐል የስልክ አገልግሎት የሚቋረጥባቸው ረጅም ክፍሎች ስላሉ ካርታውን ከቤት አውርዶ መነሳት ያስፈልጋል።