የአያታችን ሰዓት ስንት ያወጣል?

መቱ ላይ የአያታችን ተዝካር ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ከዕቃው ሁሉ ሳይከፋፈል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወርቅ ሰዓቱ። በቤቱም በቡናውም ሽማግሌ ገብቶ ተስማምተዋል። ሰዓት ግን አምስት ቦታ አይቆረጥ ነገር! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ የእጅ ሰዓት እንዴት እኩል እንደሚወረስ ግን ለወራሾቹ ትቶታል።

«ይሸጥና ብሩን እንካፈል» ያሉ አጎቶች ነበሩ። አክስታችን ደግሞ «ጃንሆይ በእጃቸው የሰጡትን?» ብላ ተነሳች። ነገሩ ወደ ኩርፊያ ሲያመራ ዋጋውን የማጣራቱ ሥራ ለእኛ ለልጅ ልጆቹ ተሰጠን፤ አዲስ አበባ ያለነው እኛ ስለሆንን ብቻ።

መጀመሪያ የሄድነው ወርቅ ቤት ነው። ሰውየው ይሠራል አይሠራም ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ጥቁሯ ድንጋይ ላይ ፋቅ አደረገ፣ አሲድ ጠብ አደረገባትና «18 ነው» አለን። ጀርባውን ሲከፍተው ከውስጥ በኩል በዓይን የማትለይ የሴት ራስ ተቀርጻለች። ስዊሶች 18 ካራት ለሆነ የሰዓት ወርቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመቱት የኖሩት ማኅተም ነው። ከዚያ ማሽኑን አውጥቶ ባዶውን ሽፋን መዘነው፤ 10 ግራም። ማሽኑን በሌላ እጁ ይዞ «ይሄ አይታሰብም» አለ።

ሒሳቡን እኛም ሠራነው። 18 ካራት ማለት ከ1,000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው። ስለዚህ በ10 ግራም ሽፋን ውስጥ 7.5 ግራም ወርቅ አለ። በዓለም ገበያ የአንድ ወቄት (31.1 ግራም) ወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ከ4,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በ4,000 ብናሰላው የአያታችን ሰዓት ወርቁ ብቻ 965 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለአምስት ሲካፈል 193 ዶላር። ለዚህ ነው እንግዲህ ወንድምና እህት የተኳረፉት!

ግን «የጃንሆይ ነው» የሚለው ነገር እውነት ከሆነ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን ጎብኝተው ነበር። የእሳቸው የነበረ፣ ቀኑንና ወሩን የጨረቃዋንም መሙላትና መጉደል የሚያሳይ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ ሊሸጥ ሲል፣ በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ተነስቶ ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቀረበና 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ውርስ የሚያጣላው መቱ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የዚያ ሰዓት ወርቅም ቢቀልጥ የሚያወጣው ከዚህ ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቀሪውን የሚከፍለው ገዢ የሚከፍለው ለሠሪው ስም፣ ለዓይነቱ ብርቅነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን እንደነበር በማስረጃ ለመታወቁ ነው።

የእኛስ ማስረጃ የታለ? ጃንሆይ በስጦታ ይሰጧቸው የነበሩ ሰዓቶች ላይ ዘውዳቸው ወይም ስማቸው የተቀረጸባቸው ይታወቃሉ። የእኛው ጀርባ ልሙጥ ነው። ለአክስታችን በስልክ ስንነግራት «በደርግ ጊዜ ፈርቶ ፍቆት ይሆናላ!» አለችን። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድነው። አዛውንቱ በመነጽራቸው ካዩት በኋላ «የተፋቀ ቢሆን እዚህ ጋ ይሳሳ ነበር» አሉን። አልሳሳም። ማሽኑ ላይ ካለው ቁጥር ተነስተው ሰዓቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው ብለው ገመቱ።

እኛን ከንጉሡ ይልቅ የሳበን ይህ ዘመን ነው። አያታችን ቡና ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1953 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡና ተክሉን መታውና በማግስቱ ዓመት የዓለም ገበያ ላይ የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። ሩቅ አገር የወረደ ውርጭ ኢሉባቦር ውስጥ ገንዘብ ሆኖ ይወርዳል። በቤታችን የቆርቆሮው ጣሪያና ሰዓቱ የመጡት በአንድ ዓመት ነው ይባላል። ዓመቱን የሚያስታውስ ባይኖርም እኛ ግን 1946 ወይም 1947 ዓ.ም. ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን።

ከየት ገዛው? ዛሬ ጎሬን የሚያውቅ ሰው ፀጥ ያለች ከተማ ናት ይላችኋል። ያኔ ግን ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ፣ የእንግሊዝም ቆንስላ ነበራት። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ነው፤ ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ። ከተማዋ የተያዘችው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ታሪክ ለአንዲት ተራራ ላይ ከተማ የመጣው በወንዝ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ላይ የንግድ ጣቢያ ቦታ ፈቀዱ፤ ጋምቤላ የቆመችው በዚህ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል፣ ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ነበርና፣ በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ዘመኑ አበቃ።

እንግዲህ ሰዓቱ በባሮ ከመጡት ዕቃዎች መጨረሻዎቹ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አያታችን አዲስ አበባ ቡና ሊሸጥ ወጥቶ የገዛው ነው። ሰዓት ሠሪው ምክራቸውን ሰጡን፦ አታስወልውሉት፣ ፊቱንም አታስቀቡት፤ አሮጌ ሰዓት ሲታደስ ዋጋው ይወርዳል። ትልልቆቹ የስዊስ ፋብሪካዎች መዝገብ ስላላቸው ቁጥሩን ልካችሁ መቼና ወደ የት አገር እንደተላከ ጠይቁ አሉን።

ደብዳቤውን ልከናል። ለአጎቶቻችን ወርቁ 965 ዶላር ገደማ እንደሆነ፣ ማሽኑ ሳይነካ ለሰብሳቢ ቢሸጥ ግን ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችል፣ የጃንሆይ ስለመሆኑ ምልክት እንዳላገኘን በግልጽ ነገርናቸው። አንደኛው «ታዲያ ከመቅለጡ በፊት መልሱን እንጠብቅ» ብሏል፤ ለእሱ ትልቅ እሺታ ነው። አክስታችን ግን ያገኘነውን አልተቀበለችም። ሰዓቱ አሁን እሷ ዘንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች፣ ፀሐይ ስትወጣም 12 ላይ ታደርገዋለች። ጎሬ ወይም ጋምቤላ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ከዚያ ዘመን የቀረ የነጋዴ ደረሰኝ በሳጥን ውስጥ ካለ እስቲ ፈልጉልን።