የኤንትሬው ጭስ

አጎቴ ወጣትነቱን የጨረሰው አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ ኤንትሬ እየነዳ። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ሦስቷን በጣሊያንኛ ጠርተን ስሙን የኛ አደረግነው። ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ ቱርቦ ግን የለውም።

«አሰብ ላይ አንበሳ ነው» ይለኛል ጋሼ፤ «ሞጆን አልፎ ዱከም ሲቃረብ ያዛጋል።»

ጭነቱ ያው፣ ናፍጣው ያው። ጋሼ ዓይኑን ከጎን መስታወቱ አይነቅልም ነበር፤ ጭሱ ሲጠቁር ማርሽ ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት አሰብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድሮ ናፍጣ ፖምፓ ግን ዳገት መውጣቱን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የሰጠውን ያህል ደጋም ላይ ይሰጣል። አየር ያጣው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል።

ይህ ወሬ ትዝ ያለኝ፣ ሞተር የሌለው የላንድክሩዘር ቦዲ ገዝቼ፣ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስመላለስ ነው። ቱርቦ ያለው ልግዛ ወይስ የሌለው? መልሱን ስፈልግ የቱርቦን ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1905 ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ ባስመዘገበው ፓተንት ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙ ጉልበት ከጭሱ ጋር ይጥላል። ቢዩኪ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች አሰበ፤ አንዱን የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሌላው በዚያው ጉልበት አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሐሳቡ በተግባር ፍሬ ያፈራው ግን ከ20 ዓመት በኋላ በሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ ነው፤ ሞተራቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት አደገ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ የአሜሪካው ሙከራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቁጥር እንደ አጎቴ መኪና ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው፤ ወደ 4,300 ሜትር መሆኑ ነው። ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሞስ ከተራራው ላይ የፈለገው ትርፍ ጉልበት አልነበረም፤ ከፍታው የወሰደበትን ማስመለስ ብቻ ነው። ደጋ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘሁም።

ወደ ቤት መኪና ሲመጣ ግን ትርፍ ተፈለገ። በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ቱርቦ ከተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪኖች አንዱ ነው። የሞተሩን ከፍተኛ ኮምፕረሽን ሳይቀንሱ ቱርቦ ስለጨመሩበት፣ እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከተለየ ዕቃ ይረጩለት ነበር። ባለቤቶቹ መሙላቱን ረሱ፤ መኪናው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

ሶማሌ ተራ ሁለት ሞተር ቀረበልኝ፤ ሁለቱም የቶዮታ፣ ሁለቱም 4.2 ሊትር። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ ነው፤ ኮምፕረሽኑ 22.4 ለ1። ዋጋው ይቀላል፤ «ቱርቦ እንለጥፍልሃለን» የሚል መካኒክም አይጠፋም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አያንኳኳም፤ ግን በዚያ ኮምፕረሽን ላይ አየር ሲታጨቅበት ሙቀቱንና ግፊቱን የሚሸከመው ቴስታታው ነው። ሌላው በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዲ ቲ ነው። ሲሠራ ለቱርቦ ታስቦ ስለሆነ ኮምፕረሽኑ 18.6 ለ1 ነው። ፖምፓውም የቱርቦውን ግፊት እያየ ናፍጣ ይጨምራል፤ አየር ካልመጣ ትርፍ ነዳጅ አይለቅም። የኤንትሬው ፖምፓ የማያውቀውን ይህኛው ያውቃል።

ሻጩ «ያልተፈታ ነው» አለኝ። የአየሩን ቱቦ አስፈትቼ ሁለት ጣቴን ከትቼ ዘንጉን ያዝኩት። ወደ ጎን በጣም በትንሹ ተነቃነቀ፤ ይህ ያለ ነው፣ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነውና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ንቅንቅ አላለም። ክንፎቹ ጫፋቸው አልተበላም፤ ቤቱን አልፋቁም። ጣቴን ሳወጣው ቀጭን የዘይት ወዝ ብቻ ነበረበት። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዕቃ በጣት መመርመሩ ያስቃል፤ ግን ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም። ገዛሁት። የሞተሩን ቁጥር ሊብሬው ላይ ለማስቀየር የተመላለስኩት ሞተሩን ለመግጠም ከፈጀብኝ ጊዜ በለጠ።

መኪናው የተነሣ ቀን ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ምንም አልተናገረም፤ አንገቱን አስግጎ የጎኑን መስታወት ብቻ ያያል። ማርያም ደርሰን ሞተሩን ወዲያው ላጠፋ ስል እጄን ያዘኝ። «ትንሽ ይቀዝቅዝ» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ መንገዱን አየና ጠየቀኝ፦

«ጭሱን ምን አደረግኸው?»