መስመሩ ከመሰመሩ በፊት፦ ከቀለበት መንገድ ታሪክ ምን እንማራለን?



በአካባቢያችን አዲስ ማገናኛ መንገድ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር በስብሰባችን ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ቤታችን ይነካል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቤታቸው ሳይነካ ኑሯቸው የሚነካባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህን ለመረዳት በኮልፌ ቀራንዮ መካከል የሚያልፈውን የቀለበት መንገድ ታሪክ መለስ ብለን እንይ።

ስለ ከተማችን ካርታ ሌሎች ሲወስኑልን የቆየ ነገር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሲዛወር የአገሬውን ሰው ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን አዘጋጁ። ከመሀል ወደ ዳር የሚወጡና ከተማዋን የሚዞሩ መንገዶች ሐሳብ በዚያ ፕላን ውስጥ ነበር።

ሐሳቡ መሬት የነካው ከ40 ዓመታት በኋላ ነው። በ1990 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የቀለበት መንገድ ግንባታ በቻይና ተቋራጭ ተጀመረ። በእኛ በኩል ከዘነበወርቅ ተነስቶ በጦር ኃይሎችና በ18 ማዞሪያ አድርጎ ወደ ዊንጌት ይወጣል። ነዋሪው ለውይይት የተጠራበት የማስተር ፕላን ክለሳ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ከተማዋ የወደፊት መልክ ሲመከር የቀለበቱ ሥራ ቀድሞ ተጀምሯል። ክፍለ ከተማችንም በዛሬው አደረጃጀቱ ገና አልተዋቀረም ነበር።

መንገዱ ጥቅም አልሰጠም አንልም። ከጅማና ከአምቦ መስመር የሚመጣ ከባድ መኪና መሀል ከተማ ሳይገባ እንዲያልፍ አስችሏል። ታክሲና አውቶቡስ የሚሄዱበትን መስመርም አበራክቷል። ነገር ግን መሀሉ በአጥር የተከፈለ ፈጣን መንገድ ስለሆነ ሰፈርን ከሰፈር ለይቷል። ለእግረኛ የተሠሩት መሻገሪያ ድልድዮች ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ ደረጃቸውም ልጅ ላዘለች፣ ዕቃ ለተሸከመች ወይም ጉልበቷ ለደከመ እናት ቀላል አይደለም። አጥሩን ዘሎ መሻገር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን አባላት ይህን በቁጥር እንድናየው እንፈልጋለን። አንዲት ሴት መሻገሪያ ፍለጋ በአንድ ጉዞ 10 ደቂቃ ይጨመርባታል እንበል። ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ነው። በዓመት 300 ቀን ብትወጣ 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ብናሰላው ከ12 የሥራ ቀን ይበልጣል። ይህ ወጪ በመንገዱ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ የሚከፈለው ግን ከእኛ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የመናገር መብት አዲስ ስጦታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፣ በተለይ የሴቶችን ጥቅም በሚነኩ ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሴቶች ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የቀለበት መንገድ ሲጀመር ይህ ቃል ተጽፎ ነበር። ዝርዝር ሕጎቹ ግን ዘግይተው መጡ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ ተሳትፎን አስገባ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ሲወጣ፣ መሬቱ በአስቸኳይ ካልተፈለገ በስተቀር፣ የሚነሱ ባለይዞታዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያዩ ደነገገ። ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስር ካሳ እንዲከፈልም ጨመረ። ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም አዋጁ የሚናገረው በዋናነት ስለ ባለይዞታ ነው። ቤት ተከራይታ በመንገድ ዳር ጉሊት የምትሸጥ እህታችን ስሟ በዝርዝሩ ላይ ላይገኝ ይችላል። ቦታዋ ሳይነካ ደንበኛዋ ከመንገዱ ማዶ የሚቀርባትም እንዲሁ። የእነርሱን ነገር ሌላ ሰው አያነሳውም።

ስለዚህ ወረዳው ለመንገድ ውይይት ሲጠራን ሦስት ጥያቄ ይዘን እንድንገኝ እናሳስባለን። አንደኛ፣ እግረኛው የሚሻገርባቸው ቦታዎች በካርታው ላይ የት የት ናቸው? በመካከላቸውስ ስንት ሜትር አለ? ሁለተኛ፣ ታክሲ የት ይቆማል፣ የዝናብ ውኃውስ በማን ደጅ ይወርዳል? ሦስተኛ፣ ጥያቄያችንና የተሰጠን መልስ በቃለ ጉባኤው ተጽፏል ወይ? ያልተጻፈ ጥያቄ ነገ እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል።

ስብሰባው የገበያ ሰዓት ላይ ከሆነም ሰዓቱ እንዲቀየር ከወዲሁ እንጠይቅ። ምን እንርዳችሁ ለምትሉን ደጋፊዎቻችንም መልሳችን ቀላል ነው፦ ካርታውን አባዝተን ለአባላት የምናድልበት ወጪና ስብሰባ ላይ ስንሆን ልጆቻችንን የሚጠብቅልን ሰው።

መንገድ እንዲሠራ እንፈልጋለን። ድልድዩን በኋላ ከመለመን ግን መሻገሪያውን አስቀድሞ ማስመር ለመንግሥትም ለእኛም ይረክሳል።