የቤትናል ግሪን የሟቾች መዝገብና የኦልድ ፎርድ ውኃ

ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ባቀረቡት ዘገባ፣ በምሥራቅ ለንደን በቤትናል ግሪን ወረዳ የሟቾች አማካይ ዕድሜ ለባለጸጋውና ለምሁሩ 45፣ ለነጋዴው 26፣ ለላብ አደሩ 16 ዓመት እንደ ነበረ አመልክተዋል። አኃዙ አስደንጋጭ ቢሆንም መለኪያው ጉድለት ነበረበት፤ ሕፃናት በሚበዙበት ሰፈር የሟቾች አማካይ ዕድሜ ዝቅ ማለቱ አይቀርምና። ሞትን በትክክል ለመመዘን በሕይወት ያሉትንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ በሥርዓት የያዙት ዊሊያም ፋር ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ የልደትና የሞት ምዝገባ በ1837 ከተጀመረ በኋላ፣ ፋር በ1839 ወደ ጠቅላይ መዝገብ ቤት ገብተው ለአርባ ዓመት ያህል ሟቾችን በወረዳ፣ በዕድሜና በበሽታ እየለዩ ከሕዝብ ቆጠራው ጋር ሲያነጻጽሩ ኖረዋል። የ1849ኙን የኮሌራ ወረርሽኝ ሲመረምሩ፣ ሰፈሩ ከቴምዝ ወንዝ በላይ ከፍ ባለ መጠን ሞቱ እንደሚቀንስ ደረሱበት። ቀመራቸው ከቁጥሩ ጋር እጅግ ይስማማ ስለ ነበር፣ በሽታውን የሚያመጣው ከዝቅተኛው ቦታ የሚነሣው ክፉ አየር ነው የሚለው እምነት ጸናባቸው። የቀመሩ መስማማት ለምክንያቱ ምስክር እንደማይሆን ያኔ አልታያቸውም።

በ1866 ኮሌራ ተመለሰ። ፋር በሐምሌ ወር ሳምንታዊውን የሟቾች ሰንጠረዥ ከውኃ ኩባንያዎች የሥርጭት ክልል ጋር ቢያስተያዩት፣ ሞቱ የምሥራቅ ለንደን የውኃ ኩባንያ ከኦልድ ፎርድ በሚያጠጣው ሰፈር ተከማችቶ አገኙት። የኩባንያው መሐንዲስ ቻርልስ ግሪቭስ ለታይምስ ጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ፣ ለዓመታት አንዲት ጠብታ ያልተጣራ ውኃ እንኳ ለደንበኛ አልተሰጠም ሲሉ አስተባበሉ። የ1852ቱ የለንደን የውኃ አዋጅም ውኃው እንዲጣራና የተጣራውም በተከደነ ገንዳ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር።

ይሁን እንጂ ደንበኞች በቧንቧቸው ውስጥ እባብ መሰል ዓሣ እንዳገኙ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ፍጥረት በአሸዋ ማጣሪያ ሊያልፍ አይችልም። ምርመራው ሲቀጥል፣ በሊ ወንዝ አጠገብ ካሉት ያልተከደኑ ገንዳዎች ውኃ በዚያው ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ተከደኑት እንዲገባ መደረጉ ታወቀ። መሐንዲሱ የገንዳዎቻቸውን አሠራር ባያውቁም፣ አውቀው ቢሸሽጉም፣ ሁለቱም ለሙያው የሚያስመሰግን አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ብሮምሊ ውስጥ በኮሌራ ከሞቱት ባልና ሚስት ቤት የሚወጣው ፍሳሽ የሚወርደው ወደዚሁ ወንዝ ነበር። የጆሴፍ ባዛልጌት ታላቅ የፍሳሽ መሥመር በ1865 ቢመረቅም፣ የምሥራቁን ዝቅተኛ ሰፈር ፍሳሽ የሚስበው የአቢ ሚልስ ጣቢያ ገና አላለቀም ነበር፤ ሥራ የጀመረው በ1868 ነው።

ወረርሽኙ በምሥራቅ ለንደን 5,596 ሰዎችን ገደለ። ፋር የቀድሞ እምነታቸውን ትተው ውኃውን ተጠያቂ አደረጉ። ይህን ከ1849 ጀምረው ሲያስረዱ የነበሩት ሐኪም ጆን ስኖው ግን በ1858 ዐርፈው ነበር። ኩባንያው ሥራውን ቀጥሎ እስከ 1904 ቆየ፤ በዚያ ዓመት የለንደን የውኃ ኩባንያዎች በአንድ የሕዝብ ቦርድ ሥር ተጠቃለሉ።