የሰኔ አትክልት፦ ደንበኞቹን አስቀድሞ የሚያውቅ ማሳ

በምሥራቅ ጎጃም ሰኔ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ዝናቡ ይገባል፤ እርሻው ይበረታል። በሌላ በኩል ጎተራው ይሳሳል፤ የአርሶ አደሩ ኪስም ለዘርና ለማዳበሪያ ተራቁቶ ይገኛል። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው የአዲስ ዓመት አባባል ይህንኑ ያስታውሳል፤ ክረምቱን ያሻገረው ጎመን ነበርና።

የአትክልት ፍላጎት ከፍ የሚለውም በዚሁ ወቅት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ እስከ ሐምሌ 5 ግን የሐዋርያት ጾም ነው። ይሁንና አምራቹ ምርቱን በአንድ የገበያ ቀን አውርዶ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል፤ የከተማው ነዋሪም የጠወለገውን በውድ ይገዛል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለማጥበብ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ ነው።

አሠራሩ

በዚህ አሠራር ጥቂት ቤተሰቦች የወቅቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ከዘር በፊት ለአምራቹ ይሰጣሉ። በለውጡ በየሳምንቱ ከደረሰው አትክልት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አምራቹ ለዘርና ለጉልበት አይበደርም፤ ምን ያህል እንደሚዘራም አስቀድሞ ያውቃል። ዝናብ ወይም በሽታ ጉዳት ቢያደርስ ጉዳቱ በሁሉም ላይ ይካፈላል።

ጃፓን ውስጥ «ተይኬይ» በሚል ስም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ በአሜሪካ ደግሞ በ1986 (እ.ኤ.አ) በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሻየር ተጀምሯል። እቁብና እድር ለለመደ ማኅበረሰብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እንደ እቁብ ገንዘቡ በእምነት አስቀድሞ ይወጣል፤ እንደ እድር ክፉ ቀን በጋራ ይታለፋል።

ስፋቱም ትልቅ መሆን አይጠበቅበትም። አንድ ቃዳ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት ለ25 ቤተሰብ ቢከፈል ለእያንዳንዱ 100 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል።

በሰኔ ምን ይደርሳል?

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ከጮቄ ተራራ የሚፈልቁ ወንዞችና ምንጮች ለአካባቢው የበጋ መስኖ አለኝታ ናቸው። በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የሚሰበሰበው ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልጉ ለሰኔ እንዲደርሱ በመጋቢት መጀመሪያ ማሳ ላይ መሆን አለባቸው።

ለሳምንታዊ ድርሻ ግን ዋናዎቹ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ናቸው። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ከሥር ከሥር እየተቀነጠቡ ደጋግመው ያቆጠቁጣሉ። ሰላጣ በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ቢዘራ ድርሻው ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

የክረምቱ ፈተና

በእነማይ ወረዳ በስፋት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ሥርም ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ማዘጋጀትና በመደቦቹ መካከል የውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠላት የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ ነው። እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙ በጥቂት ቀናት ማሳ ያወድማል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ፣ አራርቆ መትከልና የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ ይረዳል። ፀረ በሽታ ከተረጨም በመለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ቀን ሳያልፍ ምርቱ ለማንም መታደል የለበትም።

ድንች ለምግብ ከሆነ ጨለማና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን አግኝቶ የአረንጓዴው መርዛማ ስለሆነ አይበላም። ለዘር የሚቀመጠው ግን በተቃራኒው ብትን ብርሃን ይፈልጋል። ጥሬ የሚበላ ሰላጣ ከከተማ ፍሳሽ በራቀ ውኃ መልማትና በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከመጀመር በፊት

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የክፍያው መጠን፣ የርክክቡ ቀንና ቦታ፣ ምርት ሲጎድል የሚደረገው ሁሉ ይመዝገብ። በመጀመሪያው ዓመት በአሥር ቤተሰብ መጀመርና የተመዘነውን ሁሉ በደብተር ማስፈር ይመረጣል። አባላት ማሳውን ቢጎበኙ የጎደለው ለምን እንደጎደለ በዓይናቸው ያያሉ፤ ቅሬታም ይቀንሳል።

ጉዳዩ የገበያ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ጤፍ አምርቶ ለገበያ የሚያቀርብ ቤት አረንጓዴ ቅጠል ከማዕዱ ሊጎድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እንግዲህ አምራቹ ድርሻ ሲያከፋፍል የመጀመሪያውን ቅርጫት ለገዛ ልጆቹ ማስቀረቱን አይርሳ።